ሕጉ ምን ያስከፍላል? ለስፔስ ኦፔራ ጨዋታ «ማንኛውም ሲስተም ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በንግግርና በዳይስ ታሪክ የሚጫወትበትን) በምንወድ ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የሚያነሣው ጥያቄ ለስፔስ ኦፔራ የትኛው የሕግ ሥርዓት (ሲስተም) ይሻላል የሚል ነው፤ መንኮራኩር፣ ኮንትሮባንድ፣ የከዋክብት ግዛቶችና ዐመፀኞች ለሞሉበት ጨዋታ ማለት ነው። የጸሐፊው መልስ «ማንኛውም ይበቃል» የሚል ነው። ሕግ ዳይስ ለመወርወር ሰበብ ነው፣ ታሪኩን የሚሠራው አጫዋቹ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ ነው፣ ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን የዋሻና የዘንዶ ጨዋታ፣ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አምስተኛ እትም ይዘን፣ ሰይፉን በሌዘር ተክተን እንቀጥል ይላሉ። ከዚያ ተነሥተው የጠፈር ጨዋታው ትራቭለር ያረጀ ነው፣ ትረካ ተኮር የሚባሉት ሲስተሞች ጨዋታ አይደሉም፣ የመንኮራኩር ውጊያ ምንጊዜም አሰልቺ ነው፣ የሌሎቹ ጨዋታዎች መጻሕፍትም ለእኛ ሰው አይደረስባቸውም ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው አዲስ ሰው ወደ ጠረጴዛው ለማምጣት የሚደክሙ ሰው መሆናቸው ከጽሑፋቸው ይታያል፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ምክራቸውን የተከተለ አዲስ ቡድን ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። ጥቂት ምሽቶች ይጫወታሉ፣ ነገሩ አልጥም ይላቸዋል፣ ከዚያ «ጠፈር ለእኛ አይሆንም» ብለው ወደ ዋሻውና ወደ ዘንዶው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የጠፈር ሳይሆን የምርጫው ነው። ነጥቦቻቸውን በተራ ልመልስ።

«ሕግ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለየው የዳይሱ ቅርጽ ነው»

የክርክራቸው ሁሉ መሠረት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የአንድ ሲስተም ዋና ሥራ ተጫዋቹን ምን እንደሚያስከፍለው መወሰን ነው። ገንዘብ ነው? ጊዜ ነው? ደም ነው? ወይስ የሰው እምነት? ተጫዋቹ የሚፈራውና የሚሳሳለት ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ታሪኩም ተከትሎ ይመጣል። አጫዋቹ የፈለገውን ያህል ጥሩ ተራኪ ቢሆን፣ ሕጉ በነጻ የሚሰጠውን ነገር ውድ አስመስሎ ሊያቀርብ ቢሞክር ተጫዋቾቹ ብዙ ሳይቆዩ ይነቁበታል።

ማርክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1977 በጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ በኩል ያወጣውን ትራቭለርን እንውሰድ። በቀድሞዎቹ መጻሕፍት «ነጻ ነጋዴ» የምትባለው ባለ 200 ቶን መንኮራኩር ዋጋዋ 37.08 ሚሊዮን ክሬዲት ነው። ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ያለው ተጫዋች ስለማይኖር ከባንክ ይወሰዳል፤ 20 በመቶው ቅድሚያ ይከፈላል፣ ከዚያ የዋጋው 1/240ኛ በየወሩ ለ40 ዓመት። ሲሰላ በወር 154,500 ክሬዲት ይሆናል። የጭነት ክፍሏ 82 ቶን ይይዛል፤ ለአንድ ቶን ጭነት የሚከፈለው 1,000 ክሬዲት ነው። ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው መዝለል አንድ ሳምንት ይፈጃል፣ ወደብ ላይ ለማራገፍና ለመጫን ሌላ ሳምንት ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በወር ሁለት ጉዞ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ጢም ብላ ብትጭን 164,000 ታስገባለች። የባንኩ ሲነሣ 9,500 ይቀራል። የአብራሪው የወር ደመወዝ ብቻ 6,000 ነው፣ የኢንጂነሩ 4,000። ነዳጁ ገና አልተነሣም፤ ምግቡና አየሩም አልተነሡም።

ጀብዱው የሚጀምረው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ወደብ ላይ ጠጋ ብሎ «ስሜን ሳትጠይቁ ውሰዱኝ፣ እጥፍ እከፍላለሁ» ቢል፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ «ይህ ሰውዬ ጣጣ ያመጣብናል» ይላል፣ ሒሳብ ያዡ ወረቀቱን ያሳየዋል። ሰውየው ይሳፈራል። አጫዋቹ ማንንም አልለመነም፣ ማንንም ወደ ታሪኩ አልጎተተም። የገፋቸው ዕዳው ነው፤ ዕዳው ደግሞ የተጻፈው ሕጉ ውስጥ ነው። ይህንኑ ምሽት በአምስተኛው እትም ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዕዳውንም፣ የጭነቱን ታሪፍም፣ ደመወዙንም አጫዋቹ ራሱ ተቀምጦ መጻፍ አለበት። ይህ ደግሞ ሲስተም አያስፈልግም ማለት ሳይሆን አዲስ ሲስተም መሥራት ነው።

ፍጹም ሌላ ዓይነት ዋጋ የሚያስከፍል ደግሞ አለ። ፍሪ ሊግ የሚያሳትመው የስዊድኑ ኮሪዮሊስ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ በአምልኮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የወረወሩት ዳይስ ካልሆነላቸው ወደ አይከኖቹ፣ ወደሚያመልኳቸው፣ ጸልየው እንደገና መወርወር ይችላሉ። ነገር ግን በጸለዩ ቁጥር አጫዋቹ አንድ የጨለማ ነጥብ ያገኛል፤ እሷን አጠራቅሞ በኋላ መሣሪያ ሲያከሽፍባቸው፣ ጠላት ሲያመጣባቸው ይጠቀምባታል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሊጸልይ ሲል ቆም ብሎ አጫዋቹ ፊት የተከመረውን ያያል። ያቺን ማመንታት በትረካ ብቻ ማምጣት አይቻልም።

የዳይሱ ቅርጽም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሉት ቀላል ነገር አይደለም። በትራቭለር ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ወርውሮ 8 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ነው የሚፈለገው። ከሙያ ወይም ከችሎታ የሚመጣ ምንም ጭማሪ ከሌለ የመሳካት ዕድሉ 42 በመቶ ገደማ ነው፤ ጭማሪ 1 ያለው ሰው 58፣ ጭማሪ 2 ያለው 72 በመቶ ይደርሳል። በአሁኑ አሳታሚው በሞንጉስ እትም ሙያውን ጭራሽ የማያውቅ ሰው 3 ይቀነስበታል፤ ዕድሉ 8 በመቶ ላይ ይወርዳል። በባለ 20 ገጽ ዳይስ ግን እያንዳንዷ ጭማሪ 5 በመቶ ብቻ ናት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሞተሩን ማን እንደሚነካ መወሰን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ በሁለተኛው፣ በተለይ በታችኞቹ ሌቨሎች (የገጸ ባሕርይ የዕድገት ደረጃዎች)፣ ማንም ቢሞክር ዕድል ሊቀናው ይችላል። የመርከብ ሠራተኞች እርስ በርስ እንዲፈላለጉ የሚፈልግ ቡድን የትኛው እንደሚሻለው ግልጽ ነው።

«አምስተኛው እትም ይበቃል፤ አስማቱን በቴክኖሎጂ መተካት ነው»

አምስተኛው እትም ለተሠራበት ነገር ጥሩ ጨዋታ ነው። ችግሩ የተገነባበት ስሌት ነው። የጀግኖቹ አቅም፣ አስማትም ይሁን ሂት ፖይንት (ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት መጠን)፣ በረጅም ዕረፍት ይታደሳል፤ ረጅም ዕረፍት ማለት 8 ሰዓት ነው። ጨዋታው የሚከብደው በሁለት ዕረፍቶች መካከል ብዙ ፍልሚያ ሲደራረብ ነው። ዋሻ ውስጥ ይህ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ጠላት ከበሩ ማዶ ነው። በጠፈር ግን ቀጣዩ ቦታ የቀናት፣ አንዳንዴም የሳምንታት መንገድ ነው። ከአንድ ወደብ ተነሥተው ሌላው እስኪደርሱ ሁሉም በየሌሊቱ ሲያርፉ ይከርማሉ፤ ቁስሉ ይድናል፣ ያወጡት ሁሉ ይመለስላቸዋል። ወደ እያንዳንዱ ፍልሚያ የሚገቡት ሙሉ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። አጫዋቹ ይህን ለማካካስ ጠላቱን እያገዘፈ ይሄዳል፣ አንዱ ተኩስ ሙሉ ምሽቱን ይበላል። «ጠፈር አሰልቺ ነው» ብለው የሚሄዱት ቡድኖች የሰለቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። የ2014ቱ የአጫዋች መመሪያ የወደፊት ዘመን መሣሪያዎች ሰንጠረዥ አለው፤ ጸሐፊው «ሁሉም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል» ሲሉ ይህን ማለታቸው ይመስለኛል። እዚያ ያለው የሌዘር ሽጉጥ ጉዳቱ 3 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው፣ በአማካይ 10.5። ኮንስቲቱሽኑ (የሰውነት ጽናቱ) 14 የሆነ የ10ኛ ሌቨል ተዋጊ በመደበኛው ስሌት 84 ሂት ፖይንት አለው። ስለዚህ ስምንት ጊዜ ተመትቶ ነው የሚወድቀው። ወደ ትራቭለር እንሂድ፤ ያው 3 ዳይስ የሚጎዳ ጠብመንጃ ጥሩር ያልለበሰ መካከለኛ ሰው ቢያገኝ፣ ጉዳቱ በቀጥታ የሚነሣው ከጥንካሬው፣ ከቅልጥፍናውና ከጽናቱ ላይ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ በአማካይ 21 ናቸው። ሁለት ጥይት ይበቃዋል። ዳይሱ ያው ሦስት ሆኖ ሳለ ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በአንደኛው ጨዋታ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ገፍተውት የሚያልፉት እንቅፋት ነው። በሌላው ጉቦ የሚሰጡት፣ የሚያግባቡት፣ ወይም ዞረው የሚያመልጡት ሰው ነው።

ስምንት ጥይት መቻል ስሕተት ነው አልልም። እንደዚያ ዓይነት ጀግና የሚወድ ቡድን ይኖራል፤ ደስ ይበለው። የምለው ምርጫውን አውቆ ይምረጥ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ለመምረጥ ምንም ነገር የለም ነው ያሉት።

በሙያው የተካኑት ሰዎች እንኳ ሰይፉን በሌዘር ተክተው ብቻ አላለፉም። አሳታሚው ፓይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 ስታርፋይንደር የተባለውን የጠፈር ጨዋታ ሲያወጣ የባለ 20 ገጽ ዳይሱን ቤተሰብ ይዞ ነበር፤ ሆኖም የቁስሉን አቆጣጠር ለሁለት ከፍሎ፣ ለመንኮራኩር ውጊያ ራሱን የቻለ ሕግ ጽፎ ነው የመጣው። ያም ሆኖ መርከቧ ባደገች ቁጥር የሠራተኞቹ ሥራ አብሮ የሚከብድበት ቀመር ከመጠን በላይ ሆኖ ስለተገኘ በኋላ በእርማት ዝቅ ተደርጓል። አንድ አጫዋች ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ከዚህ የተሻለ ያወጣል ብዬ አላምንም።

የለመዱትን መተው ለማይፈልጉ ደግሞ መፍትሔ አለ። የኬቪን ክሮፎርድ ስታርስ ዊዝአውት ነምበር ለፍልሚያ ባለ 20 ገጹን ዳይስ፣ ሌቨልና ሂት ፖይንት ያስቀረ ነው፤ ለሙያ ግን ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጠቀማል። የጀማሪዎች ሂት ፖይንት ጥቂት ነው፣ ሽጉጥ ያስፈራል። በምሽቶች መካከል ደግሞ አጫዋቹ ኩባንያዎችና መንግሥታት እርስ በርስ የሚያካሂዱትን ትግል ለብቻው የሚያንቀሳቅስበት ሕግ አለው። ተጫዋቾቹ ወደ አንድ ፕላኔት ሲመለሱ የገዢው ወገን ተለውጦ ያገኙታል፤ ያንን አጫዋቹ በዘፈቀደ አልፈጠረውም፣ በዳይስ የመጣ ነው።

«ትራቭለር ገና ሳይጀመር ይገድላል»

በ1977ቱ ሕግ ይህ እውነት ነው። ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር በየአራት ዓመቱ የአገልግሎት ዘመን ይወረወራል፤ ያልተሳካለት ይሞታል፣ ሌላ ይፈጠራል። ግን ለምን እንዲህ ተደረገ? አንድ ዘመን በጨመረ ቁጥር ሙያ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ የመሞት አደጋውም፣ ከ34 ዓመት ጀምሮ ደግሞ እርጅናው ይመጣል። እዚህም ዋጋው ነው ጨዋታው። ደግሞም ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ድሮው ነው። በሞንጉስ ፐብሊሺንግ የ2008 እትም መደበኛው ሕግ ሞትን አስቀርቶ በመከራ ተክቶታል፤ ያልተሳካለት ይቆስላል፣ ይባረራል፣ ጠላት ያፈራል። ከዚያ የሚወጣው ሰው በ26 ዓመቱ ከባሕር ኃይል የተባረረ፣ አንድ የሚያሳድደው አዛዥና አንድ ውለታ ያለበት ጓደኛ ያለው ሰው ነው፤ ተጫዋቹ ሦስት ገጽ የሕይወት ታሪክ ጽፎ መምጣት አላስፈለገውም። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ብቻውን እንደ ጨዋታ ይወደዋል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

«ትረካ ተኮሮቹ ጨዋታ አይደሉም፤ በአፍ የሚያልቁ ናቸው»

በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቀዋል። ፌት ስለሚባለው ሲስተም ከሆነ የሚሉት ከፊል እውነት አለው። ፌት ተጫዋቹ ራሱ ሐሳብ እያመጣ፣ በገጸ ባሕርዩ ላይ ችግር እየጋበዘ እንዲጫወት ይፈልጋል፤ ዝምተኛ ሰዎች የተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ ይደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ቡድን አልመክረውም።

ስከም ኤንድ ቪለኒ ግን በአፍ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ጨዋታ ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የተባለውን ጨዋታ ስልት ወደ ጠፈር ያመጣ ነው። ተጫዋቹ ከመወርወሩ በፊት አጫዋቹ ሁለት ነገር በግልጽ ይናገራል፤ አደጋው ምን ያህል እንደሆነና ቢሳካ ምን ያህል እንደሚያገኝ። ከዚያ ዳይሱ ይወረወራል፣ ትልቁ ቁጥር ይታያል። 6 ከሆነ ሙሉ ስኬት ነው፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ይሳካል ግን ዋጋ አለው፣ 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ውድቀት ነው። ሁለት ዳይስ ለሚወረውር ሰው ዕድሉ በቅደም ተከተል 31፣ 44 እና 25 በመቶ ገደማ ነው። አዘውትሮ የሚመጣው ውጤት «ተሳክቷል፣ ግን» የሚለው ነው። ሸቀጡ ወጥቷል፣ ግን የመርከቧ ቁጥር ተመዝግቧል። በሩ ተከፍቷል፣ ግን አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል። ከአንዱ ጣጣ ወደ ሌላው የሚሮጥ የሽፍቶች ታሪክ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው እንጂ ከአጫዋቹ አንደበት አይደለም።

ወደ ኋላ መመለሻውንም፣ ማለትም ተጫዋቹ ቀደም ብሎ ያደረገውን ዝግጅት አሁን የሚናገርበትን ሕግ፣ እንይ። ቡድኑ ጉምሩክ ላይ ተይዟል፤ ተቆጣጣሪዋ ሳጥኑን ክፈቱ አለች። አንዷ ተጫዋች «ትናንት ማታ ይችን ሴትዮ አግኝቼ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኜላታለሁ» ትላለች። ይፈቀዳል። ነገር ግን በነጻ አይደለም፤ ነገሩ ሊሆን በሚችለው መጠን ታይቶ ከጭንቀት መለኪያዋ ላይ አንድ ወይም ሁለት ይሞላል። መለኪያው ዘጠኝ ነው። ሲሞላ ገጸ ባሕርይዋ ከዚያ ግርግር ትወጣለች፣ እስከ መጨረሻው የማይለቅ የሥነ ልቦና ጠባሳም ይተርፋታል፤ አራተኛው ጠባሳ ሲመጣ ከሥራው ትሰናበታለች። ይህን ያህል የሚያስከፍልን ሕግ «በአፍ የሚያልቅ» ማለት መጽሐፉን ካለማንበብ ይመጣል።

«የመንኮራኩር ውጊያ አሰልቺ ነው፤ ዝለሉት»

በምርመራው እስማማለሁ፣ በመድኃኒቱ አልስማማም። ውጊያው የሚሰለቸው አብራሪውና ተኳሹ ሲወረውሩ ሌሎቹ ሦስቱ ሻይ እየጠጡ የሚያዩበት ሲሆን ነው። ስታርፋይንደርም፣ ኮሪዮሊስም፣ የሞዲፊየስ ስታር ትሬክ አድቬንቸርስም ለአዛዡ፣ ለኢንጂነሩና ለሌላውም ሠራተኛ የየራሱን ሥራ ሰጥተዋል። ፍጥነት ለሚፈልግ ደግሞ የዌስት ኤንድ ጌምስ የ1987ቱ ስታር ዋርስ አለ፤ በአንድ ዙር ሁለት ነገር ማድረግ የፈለገ ከእያንዳንዱ ላይ አንድ ዳይስ ይቀንሳል፣ በቃ። እየነዱ መተኮስ ይቻላል፣ ዋጋው ይታወቃል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፣ እንግሊዝኛም ናቸው»

አምስተኛው እትምስ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው? ሦስቱ ዋና መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ ናቸው። «ሁላችንም እናውቀዋለን» የሚባለውም በዚሁ ቋንቋ አንድ ሰው አንብቦ ለሌላው ስላስረዳው ነው፤ ለሌሎቹም ያው መንገድ ይሠራል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በአማርኛ የሚጫወት ቡድን አንድ አንባቢ ካለው ይበቃዋል፤ ሌሎቹ የሚያስፈልጋቸው ራሱ በአማርኛ የጻፈላቸው አንድ ገጽ ነው።

ዋጋን ካነሣን ደግሞ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል። የስታርስ ዊዝአውት ነምበር የ2017 እትም ለመጫወት የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ነጻ ቅጂ አለው። የትራቭለርን ሕግ መሠረት ያደረገው ሴፊየስ ኢንጂንም ሕጉን በነጻ ማግኘት ይቻላል። ከዳይስ አንጻር፣ ባለ 20 ገጹን እዚህ ገበያ ላይ ማግኘት ያስቸግራል፤ የፋንታሲ ፍላይት ስታር ዋርስ የሚፈልጋቸውን የራሱ ምልክት ያላቸውን ዳይሶችማ ባላነሣቸው ይሻላል፤ ጨዋታውን ብወደውም ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ለሌለው ቡድን አልመክርም። ለሴፊየስ ግን ሉዶ ያለበት ቤት ሁሉ ዳይስ አለ።

ለመጀመሪያው ምሽት የምመክረው ይህ ነው። ነጻውን የስታርስ ዊዝአውት ነምበር ቅጂ አውርዱ፤ ሴፊየስን ብትጫወቱም ለካርታው ይጠቅማችኋል። 8 በ10 የሆነ ባለ ስድስት ጎን ሕዋሳት ካርታ ሥሩ፣ ለእያንዳንዱ ዓለም መጽሐፉ እንደሚያዘው የዓለሙን ጠባይ የሚናገሩ ሁለት ሁለት መለያ በዳይስ አውጡ፤ ይህን ተጫዋቾቹ አብረው ያድርጉት። ከዚያ ሕግ ከማንሣታችሁ በፊት በዚህ ካርታ ላይ ምን ብናጣ ነው የሚቆጨን ብላችሁ ተነጋገሩ። መርከቧ ከሆነች ሴፊየስን ውሰዱ። ሕይወታችሁና ሌቨላችሁ ከሆነ እዚያው ስታርስ ዊዝአውት ነምበር ላይ ቆዩ። እርስ በርስ ያላችሁ መተማመን ከሆነ ስከም ኤንድ ቪለኒን ለመግዛት ተዋጡ፤ ለአንድ ቡድን አንድ ቅጂ በቂ ነው።